የማለዳ መንገዴን በካርታ ላሳተሙልኝ ክቡር ፕሬዚዳንት

ለተከበሩ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽናችን ፕሬዚዳንት፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎም የሰመረ እንዲሆን እመኛለሁ፤ የእኔ እንቅልፍ መጽሐፌ ከታተመ ወዲህ ስለጠፋ፣ የሁለታችንንም ድርሻ እርስዎ ይተኙልኝ።

ፌዴሬሽኑ የሕይወት ታሪኬን ለትውልድ አርአያ ይሆናል ብሎ ስላሳተመልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በምረቃው ዕለት አበባ ስቀበል ከልቤ ስቄ ነበር፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነውና። በሂጃብ መሮጥ አይቻልም ያሉኝን ሁሉ እንዴት እንዳለፍኳቸው በጻፍኩበት መጽሐፍ ላይ ቢሮዎ ሳይጠይቀኝ አንዲት ገጽ ጨምሮልኛል። ቅሬታዎቼ ከዚችው ገጽ የሚነሱ ናቸውና በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

፩ኛ. እኔ የጻፍኩት ከፈጅር ሶላት በኋላ እሮጣለሁ የሚል ብቻ ነበር። የእርስዎ ሰዎች አንባቢ ይነቃቃ ብለው ከበራችን እስከ ግድቡ ያለውን መንገድ በካርታ ሥለው፣ ሰው የማይበዛበትን ጠባብ መታጠፊያ በቀይ አክብበውታል። አንዲት ሴት ገና ሳይነጋ ብቻዋን የት እንደምትገኝ ለአገር ማሳወቅ ትውልድ እንደሚያነቃቃ አላውቅም ነበር። የነቃ አንባቢም ተገኝቷል፤ መታጠፊያው ላይ መብራቱን አጥፍቶ የሚቆም መኪና አለው።

፪ኛ. ስለ መኪናው ሳመለክት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዎ ይህ የዝና ምልክት ስለሆነ ደስ ሊለኝ እንደሚገባ አስረድተውኛል። ደስ እንዲለኝ ሞክሬ ነበር፤ መጋረጃውን ሳልዘጋ መደሰት አስቸገረኝ እንጂ። እናቴ ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያለች በሩን በሁለት ቁልፍ ትዘጋለች።

፫ኛ. ታናሽ እህቴ ሯጭ ናት፤ ጃኬቴንም ሻርፔንም ትለብሳለች፣ ከኋላ ሲያዩን እናታችን እንኳ ትሳሳታለች። ባለፈው ሳምንት እኔ መውጣት ስፈራ እሷ ወጣች። የመኪናው ሰው በእኔ ስም እየጠራት በዝግታ ሲከተላት፣ እግሬ አውጪኝ ብላ የማታውቀውን ሰው አጥር ዘላ ገባች። ከእኔ የተሻለ ሰዓት እንዳስመዘገበች አልጠራጠርም፤ ለብሔራዊ ቡድን ምርጫው ይያዝልን። ከዚያ ቀን ወዲህ የሩጫ ጫማዋን አላጠለቀችም፤ እኔም አጥልቂ ለማለት አቅም የለኝም፤ ፈርቻለሁ፣ ክቡርነትዎ፣ በጣም ፈርቻለሁ።

የተሸጠውን መጽሐፍ ከሰው እጅ መሰብሰብ እንደማይቻል ይገባኛል። የምለምንዎ ካልተሸጡት ላይ ያቺ ገጽ እንድትቀደድልኝ፣ ሁለተኛው ኅትመትም ያለ እሷ እንዲወጣልኝ ነው።

ለሰጡኝ ዝና ከነተከታዩ እያመሰገንኩ፣ ከተዘጋ መጋረጃ ጀርባ ሆኜ እጅ የምነሣዎ፣
በመጽሐፉ ላይ ምንም የማያስፈራት የተባለችው ሯጭ

ማስታወሻ፦ ለሁለተኛው ኅትመት ሽፋን የመረጣችሁት ፎቶግራፍ ትናንት ለፈቃድ ደርሶኛል። ስሙን መግለጽ ያልፈለገ አንድ አድናቂዬ በነጻ እንደላከላችሁ ኃላፊዎ በደስታ ገልጸውልኛል። ፎቶው ጥራት አለው፤ የመኪናው መስኮት ጠርዝ ሳይቀር ይታያል። የምትሮጠው ግን እህቴ ናት።