አዳራሹ የሳቀባት ሴት

ውድ አባዬ፣

«ውድ» ያልኩህ እጄ ለምዶብኝ ነው እንጂ፣ ዛሬ ዓይንህን ባላየው ደስ ይለኛል። ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ውስጥ ነበርን፤ እኔም፣ እማዬም። ኋላ ስለተቀመጥን አላየኸንም። ስለምትወዳቸው የድሮ ጥቁርና ነጭ የወንጀል ፊልሞች፣ ስለ ኑዋሮቹ፣ ንግግር ታደርጋለህ ሲባል እማዬ ቀሚሷን ደጋግማ ተኮሰች። ጥለሃት ከሄድክ በኋላም «አባትሽ ሲናገር እኮ ደስ ይላል» ነው የምትለው።

እውነት ለመናገር አሳምረህ ጀመርክ። ከአገራቸው ወደ አሜሪካ የተሰደዱ የፊልም ሰዎች ያንን የፊልሞቹን ጥላ ይዘው እንደመጡ፣ ከጦርነት የተመለሰው ወንድ ቤቱ እንግዳ እንደሆነበት፣ ገንዘብ ያጠረው አምራች መብራት ቀንሶ ርካሹን ግድግዳ በጨለማ እንደሸፈነ አወራህ። ሰው ጸጥ ብሎ ሰማህ። እኔም ምን ላድርግ፣ ኮራሁ።

ከዚያ አንዱ ተነስቶ፣ «ዘመናቸው አልፎ እስካሁን ለምን እንወዳቸዋለን?» ብሎ ጠየቀህ። ፈገግ አልክ።

«ሁላችንም ያጠፋችን አንዲት ሴት ስላለችን ነዋ! የኔዋን ወርቅ አማራት፤ እኔ ካሜራ ሰረቅሁ፤ እስር ቤት ገባሁ!»

ሰዉ አውካካ። እማዬም አብራ ሳቀች። ከዚያ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

ኧረ አታፍርም? የመሥሪያ ቤትህን ካሜራ የሸጥከው ለቁማር ነው! ወርቅ አማራት? የነበራትን አንድ ሐብል ለጠበቃህ ብላ ሸጠችው እኮ! እስር ቤት ስትመላለስልህ ዘመዶችህ «እሷ ናት ያስበላችው» እያሉ ሲያሟት፣ አንዲት ቃል ተንፍሰህላት አታውቅም።

ፊልሞቹስ መቼ ገቡህ? ሶፋው ላይ አስቀምጠህ ያሳየኸኝ አንተው ነህ። ባርኔጣ የደፋው ሰውዬ ታሪኩን የሚያወራው ራሱ ነው። ሴትየዋ ትገፋፋው ይሆናል፤ መጨረሻ ላይ ግን ጥይት ሆዱ ውስጥ ገብቶ እየደማ፣ «እኔ ነኝ ያደረግኩት» ይላል። እኔን እስከዛሬ የሚይዘኝ ይሄ ነው፤ ሰውዬው አልቆለት እንኳ ጥፋቱን በራሱ አፍ ይናገራል። አንተ ባርኔጣውን ወስደህ ይቺን ኑዛዜ ተውካት።

ታክሲ ውስጥ እማዬ ምን አለችኝ መሰለህ?

«እኔ ወርቅ አምሮኝ ያውቃል እንዴ? ምናልባት ሳላስበው የሆነ ነገር ተናግሬ ይሆን?»

«ኧረ እማዬ!» ብዬ ጮህኩባት። ሹፌሩ ዞሮ አየን። አንተ ላይ መጮህ ሲገባኝ እሷ ላይ ጮህኩ፤ ለዚህም አልምርህም።

በሚቀጥለው ወር ይህንኑ ንግግር ሌላ አዳራሽ ትደግመዋለህ አሉ። እመጣለሁ፤ ፊት ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው። ያቺን ቀልድ ከጀመርካት ተነስቼ ቁማሩንም ሐብሉንም እዚያው እዘረግፈዋለሁ። ሰው ፊት መዋረድ ካልፈለግክ ራስህ ቀድመህ ተናገር።

እማዬም ካልመጣሁ ብላለች። ብለምናት፣ ብቆጣት እምቢ አለችኝ። «አሁን እንኳ አይደግመውም፣ አውቀዋለሁ» ነው የምትለው። እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ አታሳፍራት።

ልጅህ