ግግሩ ላይ፣ ከሰልፉ መጨረሻ

ሴፕቴምበር 19

በጥልቅ ሐዘን እናስታውቃለን። ግራጫው የሱፍ ካልሲ፣ የቀኝ እግር የዘመናት ባለሟል፣ ከአውራ ጣት ጋር ብዙ ሲታገል ኖሮ ዛሬ ጠዋት ልብስ ማጠቢያው ውስጥ አርፏል። የግራ እግሩ ካልሲ ብቻውን ቀርቷል። ቀብሩ ምድጃ ውስጥ፣ ከምሳ በፊት። አበባ ይዞ መምጣት አያስፈልግም።

ሬዲዮው የሙታንን ስም በሚያነብበት ድምፅ ነው ያነበብኩት። ደረጃው ጫፍ ላይ ቆሜ፣ ከልጅ ልጄ በር ፊት። ድሮ ቢሆን ገና «በጥልቅ ሐዘን» ስል በሳቅ ትፈርስ ነበር። «አባባ፣ ቤተሰቡን የት ሄጄ ላጽናና?» ትለኝ ነበር።

ዛሬ ዝም። አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች ማለት ነው።

ካልሲውን አቃጠልኩት። ቤቱ ሸተተ።

ሴፕቴምበር 21

አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ኤይዲስ፣ የልጄ ልጅ፣ እንግዶች ይዛ የበረዶ ግግር ላይ የምትወጣ መሪ ናት። በኦገስት አንድ ሽማግሌ እንግዳ፣ ከሰልፉ መጨረሻ የነበረ፣ ውሃ ቦርቡሮ የሠራው ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ማንም አላየውም። ዞር ብላ ስትቆጥር አንድ ሰው ጎደለ። በማግስቱ ሬሳውን አወጡ። ሰውዬው ራሱ ነው ከመንገዱ የወጣው፣ ጥፋት የለብሽም አሏት። እሷ ግን... እኔ ጋ መጣች። ሻንጣዋን ደረጃው ሥር አስቀመጠች። እስካሁን አልተከፈተም።

ሾርባ ወሰድኩላት። ሾርባውን መልሼ አወረድኩ።

ሴፕቴምበር 22

ዛሬም አልተነሳችም።

ሴፕቴምበር 24

የመንደሩ የፍል ውሃ መታጠቢያ ገንዳ ጋ ሄድኩ። ሎፍቱር እስከ አገጩ ተነክሮ ጠበቀኝ። ጎረቤቴ ነው፤ በጎቻችን አንድ ተራራ ላይ ነው የሚግጡት።

«ልጅቷስ?»

«ተኝታለች።»

«ትተኛ። እንቅልፍ መድኃኒት ነው።»

«እንቅልፍ መሰለህ? ዓይኗ'ኮ ፈጦ ነው።»

ዝም አለ። ሎፍቱር በሚስቱ ቀብር ላይ እንኳ ወሬ ያላቆመ ሰው ነው። እሱ ዝም ካለ...

ከገንዳው ስመለስ በግ የምናርድበትን ጠመንጃ ከጓዳ አውጥቼ ወሰድኩለት።

«ምን ሆነ?»

«ዝጓል።»

አልዛገም። አየው። ተቀበለኝና ቆለፈበት።

ሴፕቴምበር 25

እናቷ ራንቬይግ ከከተማ ደወለች። «አባዬ፣ ሆስፒታል ላስገባት።» እምቢ ትላለች አልኳት። «ቀልድህን ሞከርክ?» ሞከርኩ። «ሁሉንም?» ሁሉንም። የቄሱንና የፈረሱን ሳይቀር። ከዚያ እሷም አለቀሰች፣ እኔም ስልኩን ይዤ ወደ መስኮቱ አየሁ።

ቀልድ ያለቀበት ሽማግሌ ምን ያደርጋል?

ሴፕቴምበር 27

ተናገረች! ነገር ጭሬባት ነው።

በሩ ላይ ቆሜ «እኔም'ኮ ስንት በግ ጠፍቶብኛል» አልኩ። «እረኛ በግ ሲጠፋበት አይተኛም። ተነስቶ ይፈልጋል።»

ቀና አለች። እንዴት ከስታለች።

«አባባ፣ አንተ በግ ስትነዳ ከኋላ ነህ። ሁሉንም ታያለህ። እኔ ከፊት ነኝ። በረዶውን በመጥረቢያ እየጠረብኩ፣ ደረጃ እየሠራሁ... እነሱን የሚያያቸው ጀርባዬ ነው።»

«ዞር ትዪ የለም?»

«ዞር አልኩ። ፈገግ አለልኝ። ሁለተኛ ስዞር የለም።»

«ልጄ...»

«እኔን አምኖ ነው የወጣው። ታዲያ ለምን ተለየ? ምን በደልኩት? ምን ሳልነግረው ቀረሁ? እሱን ንገረኝ። አታውቅም። በሩን ዝጋው።»

ዘጋሁት። በመኸር በጎቹን ከተራራ ስናወርድ የአገሩን ሰው የማሰልፈው እኔ ነበርኩ። የተራራ ንጉሥ ነበር የሚሉኝ። ንጉሡ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

ሴፕቴምበር 30

ትኬት ቆረጥኩ። የአንድ ቀን ጉብኝት፣ ሁለት ፏፏቴና በረዶ ላይ የእግር ጉዞ። ከሰልፉ መጨረሻ ልቆም ነው። ሰውዬው ያየውን ልይ። ሌላ ምን ቀረኝ?

ሎፍቱር ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ደጃፍህ ያለውን በረዶ ለማየት ዋና ከተማ ድረስ ሄደህ አውቶቡስ ልትሳፈር?»

«ሰውዬው የተነሳው ከዚያ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ያየውን ነው የምፈልገው።»

ሳቁ ቆመ። «ልጅቷን ማን ይጠብቃታል?»

«አንተ። ወጥ ቤት ተቀመጥ። ወደ ላይ እንዳትወጣ። ደግሞ ዓሣዬን ሁሉ እንዳትጨርስ።»

ኦክቶበር 3

መሽቷል። ቢሆንም ልጻፍ።

መሪያችን ኦንድሬይ የሚባል የቼክ ልጅ ነው። ከኤይዲስ ጋር ይሠራል፤ እኔን ግን አያውቀኝም። ከየት ነዎት ሲለኝ ከባሕር ማዶ፣ ከፋሮ ደሴቶች አልኩት። አጠገቤ የተቀመጠችው ካናዳዊት «አገሩን እንዴት አገኙት?» አለችኝ። «ውድ ነው» አልኳት። በቤቴ አጠገብ ስናልፍ ኦንድሬይ በማይክ «እነሆ፣ ጥንታዊ የገበሬ ቤት» አለ። ሁሉም ፎቶ አነሱ። ገመዱ ላይ የተሰጣው ረጅም የውስጥ ሱሪዬ ዛሬ ዓለምን እየዞረ ነው። እኔ የማየው ግን የላይኛውን መስኮት ነበር። መጋረጃው አልተከፈተም።

ፏፏቴዎቹን አይቻለሁ። በመጀመሪያው ከኋላው ዞረን አለፍን፤ እስከ አጥንቴ ረጠብኩ። ሁለተኛው፣ ስኮጋፎስ ላይ ቀስተ ደመና ነበር። ስንት ዘመን ባጠገቡ በትራክተር ሳልፍ ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም... ካናዳዊቷ እጇን ዘርግታ እንደ ሕፃን ጮኸች። እኔም ትንሽ ጮህኩ። ሰውዬውም እዚህ ቆሞ ነበር። ጮኾ ይሆን?

ግግሩ ሥር ስንደርስ የብረት ጥርስ ጫማችን ላይ አሰሩልን። «እግራችሁን ከፈት አድርጋችሁ ተራመዱ» አለ ኦንድሬይ፣ «እንደ ላም!» እኔ ያለ ብረቱም እንደዚያው ነኝ። ከመጨረሻ ቆምኩ። ኦንድሬይ ከፊት ይጠርባል፣ ዞር ይላል፣ ይቆጥራል፣ እንደገና ይጠርባል። ጎበዝ ልጅ ነው።

ከዚያ በግ አየሁ። ከግግሩ ጠርዝ፣ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ፣ የሎፍቱር የጆሮ ምልክት ያለባት ነጭ እናት በግ። የበግ ሰው ደግሞ በግ አይቶ ማለፍ አይችልም። ከሰልፉ ወጣሁ። ጥቂት ሄጄ ጠባብ የበረዶ ሸንተረር ላይ ቀረሁ። በግራዬ ውሃ የቦረቦረው ጉድጓድ። ከሥር ውሃው እንደ አውሬ ያጓራል። ወደፊትም ወደኋላም የለም።

«አባት! እንዳይንቀሳቀሱ!» ኦንድሬይ ፊቱ አመድ ሆነ። መጥቶ በገመድ ከበረዶው ጋር አሰረኝ። እንግዶቹን ጥሎ እኔን ማውረድ አይችልም፤ በሬዲዮ መገናኛው ሌላ መሪ ጠራ።

የመለሰችው እሷ ናት። ኤይዲስ። ለካ መገናኛዋን ይሄን ሁሉ ቀን ትራሷ ሥር ክፍት አድርጋ ነው የተኛችው።

«ማን ይባላል?» አለች።

ኦንድሬይ አየኝ። ፋሮነቴ አበቃ። «እስቴይንግሪሙር» አልኩ።

 ከዚያ በሕይወቷ ተናግራው የማታውቀውን ስድብ ተሳደበች።

በሎፍቱር መኪና መጣች። የሌሊት ልብሷ ላይ ቆብና ገመድ። በረዶውን እንደ ፍየል ወጣችው።

«አንተ አሮጌ አህያ!»

«እንደምን ዋልሽ ልጄ? እህል ቀመስሽ?»

«ዝም በል! ለምንድን ነው የወጣኸው? ለምን?»

«የሎፍቱር በግ...»

«በግ! ለበግ!» እያለቀሰች ገመዱን ወገቤ ላይ ጠበቅ አደረገችው። «ከፊት ውረድ። ቁልቁለት ላይ መሪ ከኋላ ነው።»

ወረድኩ። ገመዱ በየእርምጃው ከኋላ ይይዘኛል።

ኦክቶበር 4

ተመልሳ ተኛች። በሩን ከውስጥ ቆለፈችው።

ኦክቶበር 7

ብሶባታል። ሎፍቱር መጥቶ «በጓ የት ጋ ነበረች?» ይላል። ከድንጋዩ አጠገብ አልኩት። የቀሩ በጎች ፍለጋ ሊወጣ ነው። «ሁሉንም ቆጥሬ ያስገባሁ መስሎኝ ነበር» አለ እያፈረ።

ማታ በበሩ ሥር ወረቀት አሾለኩ። «ውሃ እንኳ ጠጪ።» ወረቀቱ እዚያው ነው።

እሷን ላነሳ ሄጄ ጭራሽ ቀበርኳት? እንዲያውም ሌላ ሰው ጨመርኩባት። ከሰልፍ የሚወጣ ሌላ ሰው።

ኦክቶበር 11

ኤይዲስ ዛሬ ጠዋት መጥረቢያዋን ይዛ ወጣች። እንግዳ ይዛ አይደለም፤ ለዚያ ገና ነው፣ ምናልባትም ከእንግዲህ አትይዝም። ኦንድሬይን ልታግዝ ነው። የበረዶው ደረጃ በየቀኑ ይቀልጣል፣ በየጠዋቱ አዲስ ይጠረባል። ከመውጣቷ በፊት ቆማ ድንች በቅቤ በላች። ሻንጣውን ከፍታ ካልሲ አወጣች። ሌሊት ግን ስታለቅስ ሰምቻታለሁ። ያን አልደብቅም።

ትናንት ነው የሆነው። ምሳ አድርሼ በሩን ሳንኳኳ ከውስጥ «አባባ» አለች። «በኦክቶበር ግግሩ ጠርዝ ላይ ሣር የለም። በግ እዚያ ምን ትሠራለች?»

ሳህኑን መሬት አስቀመጥኩ።

«አባባ።»

«አቤት።»

«ለምን ወጣህ?»

በሩ ላይ ግንባሬን አስደግፌ ነገርኳት። የጉድጓዱ ውስጥ ሰማያዊ ነበር። ከሰልፉ ሆኖ ጥቂቱ ብቻ ነው የሚታየው። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሙሉውን ልየው አልኩ። ስለ ኦንድሬይ አላሰብኩም፣ ስላንቺም አላሰብኩም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ። ዕድሜ ልኬን ተራራ የኖርኩ ሰው! ከዚያ እግሬ ከዳኝ። ፈራሁ። ሽንቴም አመለጠኝ፤ እሱን እንኳ ለሎፍቱር እንዳትነግሪ።

«ኦንድሬይ ምን በደለህ?»

«ኦንድሬይ? ምንም። ልጁማ ጎበዝ ነው።»

አልጋው ተንቋቋ። ቁልፉ ዞረ።

እና አሁን ወጥ ቤት ብቻዬን ቁጭ ብያለሁ። ከመስኮቱ ሎፍቱር በዝናብ ተራራውን ሲወጣ ይታየኛል፤ ዛሬም በጓን ሊፈልግ። ልጠራው ይገባኝ ነበር... ሾርባዬን ልጨርስ። በዚህ ደብተር የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው፣ የውስጥ ሱሪዬ ሳይቀር። በጓን ብቻ ነው የፈጠርኳት።