ሰላምታዬን ያልመለሰው ሽማግሌ

ወንድሜ ኡበይድ፣

እዚህ ያለች አንዲት አሮጊት ሳታስፈቅደኝ በቁሜ ምትኬን ሠርታ አስቀመጠች። በዚህ ዕድሜዬ የመስኖ ተለማማጅ ተብዬ የመጣሁበት የጃፓን ተራራማ መንደር ሰው አልቆበታል። ትናንት በጭጋግ ወደ እርሻው ስወርድ ዳር ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ አየሁና «አሰላሙ ዐለይኩም» አልኩት። ዝም አለኝ። ደገምኩለት፤ አሁንም ዝም። እኛ አገር ቀወት የተጣላህ ሰው እንኳን ሰላምታ ይመልስልሃል። ተናድጄ ቀረብኩት። ጭድ የተጠቀጠቀበት የጨርቅ ሰው ነው። የታጠቀው ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ የጠፋብኝን ሽርጥ ነው፤ ጢሙም እንደ እኔው በሂና ቀልቷል።

የሠራችውን አሮጊት በአስተርጓሚ «አፍርሺው» አልኳት።

«ከመንደሩ ለሚሄድ ሁሉ እሠራለሁ፤ የሠራሁትን አላፈርስም» አለች።

«እኔ መች ሄድኩ?»

«እርስዎም ይሄዳሉ እኮ።»

ራሴ ላፈርሰው እጄን ደረቱ ላይ አሳረፍኩ። በዚያ ብርድ ደረቱ ሞቋል። እጄን ሰበሰብኩ፤ ሽርጡንም ተውኩለት።

ወረቀቱ አለቀብኝ። ለራሕማ፣ ለልጆቹም ሰላም በልልኝ። ማሽላው ሲያሽት ወፉን የሚጠብቅ ሰው አስቀምጥ፣ የጨርቅ ማስፈራሪያ እንዳታቆም። ስመለስ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተነፍስም፤ አንተም አትጠይቀኝ።

ሱፍዋን