ጨርቅ የለበሰው መብራት

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

እንዴት ከረምክልን? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን።

ሙዚየሙ የጥንት ዕቃዎቹን ፎቶ የማነሳበትን መብራት ሞክረሽ ምረጪ ብሎ ሁለት ሰጥቶኛል። አንዱ ከጎን ሲመታ የሸክላን ስንጥቅ ሁሉ ያወጣል። ሌላው ፊቱ ላይ ነጭ ጨርቅ ስላለው ሁሉንም ያለሰልሳል።

መሞከሪያ ባጣ አባባን የጋብቻ ቀለበቱን ጠየቅሁት። ድሮ ለማውለቅ ሳሙና ያስፈልግ ነበር፣ ትዝ ይልሃል? አሁን ጣቱን ወደ ታች ሲያደርገው መዳፌ ላይ ወደቀ። ለካ ውስጡን ክር ጠምጥሞበታል።

«ክሩንም አንሺው፣ እሱም ጥንታዊ ነው» ብሎ አሳቀኝ።

ከዚያ ለአንተ የሚላክ ፎቶ ላንሳህ አልኩት። በጎን መብራቱ ያነሳሁትን ሲያይ፣ «ይሄማ ወሬ አቀባይ ነው! አጥፊውና ለልጄ በዚያኛው አንሺኝ» አለ። ኮቱን ከጀርባው በመርፌ ቁልፍ ሰብስቤ አነሳሁት፤ ልክ በልኩ የተሰፋለት መሰለ።

ለሙዚየሙ የጎኑን መብራት መርጫለሁ። ለአንተ ግን አባባ የመረጠውን ፎቶ ልኬልሃለሁ። እሱም ግንባሩን ሳሚልኝ ብሏል።

የዓመት ፈቃድህ መቼ ነበር?

ፎቶውን ስታይ፣ መብራቱ ጨርቅ የለበሰው መሆኑን አትርሳ።

ታናሽ እህትህ