ዶንካ ለምን ሄደች?

ኦክቶበር 9፣ ሐሙስ

ዝናብ። የክፍሉ ምድጃ ዛሬም ያጨሳል፤ መስኮት ከፍተን፣ ካፖርት ለብሰን ተማርን። አሥረኛ ክፍሎች ልብ ወለዱን ከጀመሩ ሰነበቱ፤ ግማሾቹ ግን አልገለጡትም። ወፍራም የቤተሰብ ታሪክ ነው። ስታመን የሚባል የወይን ገበሬ፣ ሚስቱ ዶንካ፣ ሦስት ልጆቻቸው። ዶንካ አንድ የክረምት ጠዋት ልጆቹ እንደተኙ ትታቸው ትሄዳለች። አትመለስም። የቀረው ገጽ ሁሉ ስለቀሩት ሰዎች ነው።

"ስታመን ምን ዓይነት ሰው ነው?" ብዬ ጠየቅኩ።

ቦጎሚል እጁን አወጣ። "ታታሪና ቁጥብ።"

"ቁጥብ ማለት?"

"እንጃ ቲቸር። መርጃ መጽሐፉ እንደዚያ ነው የሚለው።"

እንዲህማ አይሆንም... ሌላ ነገር መሞከር አለብኝ።

ኦክቶበር 14፣ ማክሰኞ

የስታመንን የእራት ገበታ እንዲስሉ አደረግኩ። ማን የት ይቀመጣል? ዳቦውን ማን ይቆርሳል? ማን ቀድሞ ይነሳል? መጽሐፉን ማገላበጥ ጀመሩ። ተጨቃጨቁም። ቦጎሚል ዶንካን በሩ አጠገብ አስቀመጣት።

"ለምን እዚያ?"

"ሾርባ የምታመላልሰው እሷ አይደለች? ለመሄድም ይቀርባታል።"

ሳቁ። ራሊጻ አልሳቀችም።

የራሊጻ እናት ኢስክራ ሽማግሌዎችን ልትጦር ጣሊያን ከሄደች አራት ዓመት ሆናት። ይህ እዚህ መንደር ብርቅ አይደለም፤ ከየቤቱ አንድ ሰው ጎድሏል። ሌሎቹ ግን በበጋ ይመጣሉ። ኢስክራ ያለፉትን ሁለት በጋዎች አልመጣችም። የራሊጻ አባት ሉበን ለጠየቀው ሁሉ "ፈቃድ ከልክለዋት ነው" ይላል።

ሥዕሎቹን ቤት ወስጄ አየኋቸው። ራሊጻ ዶንካን አልሳለቻትም። ሳህኗን ብቻ ነው የሳለችው።

ኦክቶበር 15

መጽሐፉን እኔ አልመረጥኩትም፤ ከላይ የመጣ ነው። ጨዋታዎቹ ግን የእኔ ናቸው... ልተዋቸው ይሆን?

ኦክቶበር 21፣ ማክሰኞ

አልተውኩም።

አንድ ወንበር ከፊት አደረግኩ። የተቀመጠበት ልጅ ገጸ ባሕሪውን ሆኖ ይመልሳል፤ ሌሎቹ ይጠይቃሉ። የስታመን ተራ ጥሩ ሄደ። የዶንካ ሲደርስ ማንም አልነሳም። ቦጎሚል ሊያስቃቸው ፈልጎ ሻርፕ ራሱ ላይ አስሮ ተቀመጠ። ድምፁን አቅጥኖ "ውዶቼ፣ ሾርባው ምድጃ ላይ ነው፤ ደህና ሁኑ" አለ።

ራሊጻ ተነሳች። "ተነስልኝ። እኔ እቀመጣለሁ።"

ማስቆም ነበረብኝ? አስቤ ነበር። አላስቆምኳትም።

ከተማሪዎቹ ሚሌና ናት የጀመረችው። "ለምን ሄድሽ?"

"በርዶኝ።"

"እንጨት አልነበረም እንዴ?"

"እንጨትማ ሞልቷል። ባሌ ለክረምቱ የሚሆነውን ይፈልጣል፣ ይደረድራል። ከዚያ ይገባና ይበላል፣ ይተኛል። አንድ ቀን እንኳን ደክሞሻል ወይ ብሎኝ አያውቅም።"

ይሄ መጽሐፉ ውስጥ የለም።

"ልጅሽን አታስቢያትም?"

"እሑድ እሑድ እደውልላታለሁ። ደህና ነኝ ትለኛለች፤ ሌላ ቃል የላትም። እኔም ሌላ አልጠይቃትም። ከጠየቅኳት፣ መቼ ትመጫለሽ ትለኛለች። አልመጣም። እዚያ ሌላ ቤት አለኝ። ሌላ ሰው አለ።"

በዶንካ ዘመን ስልክ አልነበረም። ሁሉም ገባቸው። ቦጎሚል ሻርፑን አውልቆ እጁ ላይ ሲጠቀልል፣ ሲፈታ... ደወሉ ተደወለ። ራሊጻ ወንበሩን ወደ ቦታው መልሳ ወጣች። በበሩ ስታልፍ "አመሰግናለሁ" አልኳት። ምኑን ነው ያመሰገንኩት?

ኦክቶበር 23፣ ሐሙስ

ሉበን ትምህርት ቤት መጣ። እሱንም አስተምሬዋለሁ፤ ከኋላ የሚቀመጥ፣ ካልጠየቁት የማይናገር ልጅ ነበር። ዛሬ መተላለፊያው ላይ ቆሞ ጠበቀኝ፤ ቦቲው ጭቃ እንደሆነ።

"ቲቸር፣ ቤቴን በማን ፈቃድ ነው የከፈቱት?"

"ና ግባ ሉበን፣ ቁጭ ብለን..."

"አልቀመጥም። ዳቦ ልገዛ ስገባ ወሬ ያቆማሉ። ሁለት ዓመት የሸፈንኩትን በአንድ ክፍለ ጊዜ ገለጡት። የሸፈንኩት እኮ ለልጅቷ ብዬ ነው። እንደምታውቅ እንኳን አላውቅም ነበር።"

 እውነቱን ነው።

ከሰዓት በኋላ ርዕሰ መምህሯ ካሜሊያ ቢሮዋ አስጠራችኝ። "ኔቬና፣ ልጆቹ ፈተና አለባቸው። ትያትሩን ተይና የፈተና ጥያቄ አሠሪያቸው።"

እሺ አልኩ።

ኦክቶበር 31

ራሊጻ ሳምንቱን ሙሉ አልመጣችም። የፈተና ጥያቄ እየሠራን ነው። ጸጥ ብለዋል፤ ቦጎሚል እንኳን።

ኖቬምበር 3፣ ሰኞ

ቤታቸው ሄድኩ። ሉበን አልነበረም። ራሊጻ አያቷን፣ የሉበንን እናት ባባ ጸናን ታገላብጣለች። አሮጊቷ ግማሽ ጎኗ ከሞተ ወዲህ አልጋ ላይ ናት፤ ካላገላበጧት ትቆስላለች።

"አልተቀየምኩዎትም ቲቸር" አለች ሳልጠይቃት። "ግን እዚህ መቆየት አልችልም። አባባ እራት ላይ አያየኝም። ድሮም አያወራም። አሁን ግን ቶሎ ቶሎ ይበላና ይወጣል።"

"እናትሽ ጋ ልትሄጂ ነው?"

"ነይ ብላኛለች።"

"ናፍቃሽ ነው?"

ትራሱን አስተካከለች። "እንጃ። ልጠይቃት ነው። ወንበሩ ላይ የተናገርኩት የራሴን ነው። እሷ ለምን እንደሄደች ነግራኝ አታውቅም።"

የሠላሳ ዓመት አስተማሪ ነኝ። የአያቷን ብርድ ልብስ ያዝኩላት።

ኖቬምበር 10

ሄደች። ወደ ሎም ከተማ በሚሄደው አውቶቡስ፣ ከዚያ በሌላ። ካሜሊያ ነገረችኝ፦ አሁን አሥረኛ ክፍል ከሚፈቀደው ቁጥር በታች ሆኗል። ከጃንዋሪ በኋላ ይዘጋል፤ ልጆቹ ሎም እየተመላለሱ ይማራሉ። እኔስ? "እናያለን" አለች። እሷ እናያለን ካለች አልቋል ማለት ነው።

ኖቬምበር 19፣ ረቡዕ

ሉበን አጥሬ በር ላይ። ኮፍያው በእጁ። ግባ ብለው አልገባም።

"ወንበሩ ላይ ምን ነበር ያለችው? ከሰው አፍ የሰማሁት አንዱ ካንዱ አይገጥምም። እንዳለችው ይንገሩኝ።"

ነገርኩት። አንድም ሳላስቀር። ደክሞሻል ወይ ብሎኝ አያውቅም ካለችው ላይ ስደርስ አስቆመኝ።

"እሱን ይድገሙልኝ።"

ደገምኩለት።

"እንጨቱን የምፈልጠው እኮ ለእሷ ነበር" አለ። ኮፍያውን አደረገ፣ መልሶ አወለቀ። "መጽሐፉን ያውሱኝ።"

ዲሴምበር 7፣ እሑድ

በረዶ ጣለ። ሉበን መጽሐፉን መለሰ። ማታ ማታ ለእናቱ ጮክ ብሎ ሲያነብላት ሰንብቷል፤ ትስማ አትስማ እሱም አያውቅም። ዛሬ ገባ፤ ወጥ ቤት ተቀመጠ።

"ስታመን ሄዶ አላያትም" አለ።

"አዎ።"

"ለምን?"

በስንት ዓመት አንድ ተማሪ እንዲህ አድርጎ ጠይቆኝ ይሆን? "አንተ ምን ይመስልሃል?"

መጽሐፉን ገለጥ አድርጎ ዘጋው። "በሯ ላይ ቆሞ ምን ይላል? የሚለው የለውማ።" ከዚያ ደግሞ፣ "ቢሆንም እሱ ወንድሞች አሉት። ወይኑን የሚይዝለት፣ ከብቱን የሚያይለት ሞልቷል። እኔ ብሄድ እናቴን ማን ያገላብጥልኛል?"

"እኔ።"

ሳላስበው ነው ያመለጠኝ።

"ወገብዎ አይችልም ቲቸር።"

"ስለ ወገቤ አንተ አትጨነቅ።"

ዲሴምበር 21

ሉበን ትናንት ጣሊያን ሄደ። ባባ ጸና ካሰብኳት በላይ ትከብዳለች። ትናንት እርጎ በማንኪያ ሳቀርብላት አፏን ገጠመች። በዓይኗ በሩን ትጠብቃለች። ዛሬ ትንሽ ቀመሰች። ሚሌና መጥታ አንሶላ ቀየርን። ወገቤ... አልጽፈውም።

ዲሴምበር 29፣ ሰኞ

ሉበን ተመለሰ። ብቻውን።

እናቱን ሳማት፤ ግንባሯን ዳሰሰ። ለሁለታችን ራኪያ አረቄ ቀዳ። ልጠይቀው አፌን ሳልከፍት ራሱ ጀመረ።

"ኢስክራ ምሳ ሠራች። ሰውዬውም ነበር። ራሰ በራ ነው፤ ክፉ አይመስልም። አራታችንም አንድ ላይ በላን። ሳህን ስታነሳ፣ ደክሞሻል ወይ አልኳት።"

"ምን አለችህ?"

"አዎ አለች። ሌላ ምንም።"

"ራሊጻስ?"

"ትማራለች። ቋንቋውን ይዛዋለች። እናቷን ጠይቃታለች፤ ምን እንደመለሰችላት አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩ። የሁለቱ ነው።" ብርጭቆውን አዞረው። "ነይ እንሂድ ልላት ነበር የሄድኩት። ጠዋት ከማዶው ክፍል ስትስቅ ሰማኋት። በስልክ፣ ከአዲስ ጓደኛዋ ጋር። መጀመሪያ የማን ሳቅ እንደሆነ አላወቅኩትም። ሻንጣዬን ዘጋሁ።"

አሥረኛ ክፍል እንደሚዘጋ ነገርኩት። የማስተምረው እስከ ጃንዋሪ ብቻ እንደሆነ፣ ካሜሊያ ሌላ ሥራ እንዳላገኘችልኝ። አዘነ፤ ብርጭቆዬን ሞላልኝ። ባባ ጸና ለምዳኛለች፤ ማክሰኞና ዓርብ እየመጣሁ ላግዝህ አልኩት። እሺ አለ።

ካፖርቴን ስለብስ ተነሳ። "መንገዱ በረዶ ሆኗል። ላድርስዎት።"

ክንዴን ያዘኝ። መንገዱን ሁሉ ሲያወራ ሄደ፤ አውቶቡሱ ውስጥ ስላገኘው ሰው፣ እዚያ ብርቱካን በየመንገዱ ዳር እንደሚበቅል፣ ራሊጻ ፀጉሯን እንደተቆረጠች። ዝም ብዬ የሰማሁት እኔ ነበርኩ።