ዐሊማን ሲፈልጉ ሲድራን ላገኙት ክቡር ኃላፊ

ለክቡር አቶ ደሳለው ይመር
የመልካም ገጽታ ክትትል ክፍል ኃላፊ
ኮምቦልቻ

ክቡር ሆይ፣ ከነቤተሰብዎ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? አላህ ዕድሜና ዕረፍት ይስጥዎ፤ እርስዎ ሲያርፉ እኛም ጥቂት እንተነፍሳለንና። እኔ በጡረታ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የተቀመጥኩት የቀድሞ ጋዜጠኛ ሀናን ሀምዲን ደኅና ነኝ እንዳልልዎ፣ የግቢዬ በር በተንኳኳ ቁጥር መብራት አጥፍቼ እቀመጣለሁ።

አንደኛ፦ ባለፈው ረቡዕ ሁለት ሰዎችዎን ልከው ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። ትሑት ልጆች ናቸው፤ ጫማቸውን እንኳ በር ላይ አውልቀው ነው የገቡት። በስልካቸው አንድ ጽሑፍ አሳዩኝ፤ የፋብሪካ ሠራተኞች በአንዲት የኪራይ ክፍል በፈረቃ እንደሚተኙ፣ የአንዷ ፍራሽ ሳይቀዘቅዝ ሌላዋ እንደምትተካ የሚተርክ የራሴ ጽሑፍ ነው። «ዐሊማ የተባለችውን ሠራተኛ ከየት አገኟት? ከተማችንን ያዋረደችው እሷ ናት» አሉኝ። «ልጆቼ፣ ይህን የጻፍኩት እኮ የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ነው፤ ሰው አሁን አንሥቶ ቢለጥፈው እኔ ምን ላድርግ?» ብል ሊቀበሉኝ አልቻሉም። «እትዬ፣ የምንጠይቅዎ ለእርስዎው ብለን ነው» አለኝ አንዱ፣ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ። ወላሂ፣ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለተኛ፦ የጽሑፌን እውነትነት በራስዎ ሰዎች ስላረጋገጡልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ዐሊማ ከሞተች ሰባት ዓመት ስላለፋት አድራሻ መስጠት አልቻልኩም። ሰዎችዎ ግን መሞቷንም ሳይቀበሉኝ በጽሑፉ እየተመሩ ከፋብሪካው ጀርባ ወዳለው ግቢ ሄደው፣ ማንንም ሳይጠይቁ ክፍሏን አገኟት። መስኮት የሌለው ግድግዳ፣ የተቀደደው የቆርቆሮ በር፣ ደጃፉ ላይ የሚወርደው ፍሳሽ፣ ሁሉም ባለበት ነበር። ከፈረቃ የተመለሰች ልጅ ተኝታ ስላገኙ ቀስቅሰው «ዐሊማ አንቺ ነሽ?» አሏት።

«እኔ ሲድራ ነኝ፤ ዐሊማ የምትባል አላውቅም» አለቻቸው።

አላመኗትም። እንዴትስ ይመኗት? ሥራዋ ያው፣ ክፍሏ ያው፣ ሳሏም ያው። ጽሑፉ ሲወጣ ገጠር ፊደል ትቆጥር የነበረችውን ልጅ ወስደው ቀኑን ሙሉ ስለ እኔ ሲጠይቋት ዋሉ። ስትለቀቅ አከራይዋ ዕቃዋን ደጅ አውጥቶ ጠበቃት። «መንግሥት የሚፈልገውን ሰው ግቢዬ አላስቀምጥም» አላት። መሄጃ ብታጣ፣ ሰዎችዎ ደጋግመው የጠሩላትን ስሜን ይዛ፣ እያጠያየቀች እኔ ቤት መጣች።

ሦስተኛውን ልጽፍ ስል መኪና ደጃፌ ቆሞ ቆይቶ ሄደ። ተነሥቼ በሩን ደግሜ ቆለፍኩ፤ አንደኛ ሁለተኛ ማለቱን ልተወው።

ሲድራ አሁንም እኔ ዘንድ ናት፤ ጫማዋን ሳታወልቅ ነው የምትተኛው። ይህን ደብዳቤ ስሟን ደብቄ ልጽፍ ብዬ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። እሷ ግን «ስሜን ይጻፉት እትዬ» አለችኝ። «አልተናገርኩም ብዬ ማልኩላቸው። ሳልናገርም አባረሩኝ። እንግዲያው ልናገር።» ሦስት ቀን ነገረችኝ፤ እኔም ከጡረታዬ ተነሥቼ ጻፍኩ። ለራሴ ፈርቻለሁ፤ ለእሷ ደግሞ ይበልጥ ፈርቻለሁ። ያም ሆኖ አዲሱ ጽሑፍ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ወጥቷል። የቀድሞዋ ምስክሬ ብትሞትብኝ፣ ሌላ ፈልገው ቤቴ ድረስ ስለላኩልኝ ውለታዎን አልረሳም።

ለክቡርነትዎ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣
በሬን በሁለት ቁልፍ ዘግቼ የተቀመጥኩ፣
ሀናን ሀምዲን

ድኅረ ጽሑፍ፦ የቀድሞው ጽሑፌ ላይ እርማት እንዳወጣ ስላዘዙኝ እነሆ ታዝዣለሁ። በዚያች ክፍል ስድስት ሰው ይኖራል ብዬ ነበር። ሰዎችዎ ሲመዘግቡ ዘጠኝ ሆነው ተገኝተዋል። ስለ ስሕተቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ።