ቤታችን ከችግረኝነት በመሰረዙ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲያችን የእኩል ዕድል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ውድ ቤተሰብዎና ማኅተም የሚመቱልዎ ባልደረቦችዎ ሁሉ በመልካም ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔም ደህና ነኝ፤ ይህን የምገልጸው ጠይቀውኝ ሳይሆን፣ አለመጠየቅዎ በኋላ እንዳይጸጽትዎ ብዬ ነው። ምናልባት ዘንግተውኝ ከሆነ፣ ከሦስት ዓመት በፊት «ከችግረኛ ቤተሰብ ለመጡ» በተባለው ዕድል ምህንድስና የገባሁት እናቷ የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ የሆነችው ልጅ ነኝ፤ ፎቶዬ ከቢሮዎ በር አጠገብ ስለተሰቀለ መልኬ አይጠፋዎትም። ጉዳዬን በተራ ቁጥር ያስቀመጥኩት፣ ያለ ተራ ቁጥር የተጻፈ ነገር እናንተ ዘንድ እንደማይነበብ በቆይታዬ ስለተማርኩ ነው።

1. ዕድሉ ለሁሉም እንዲዳረስ በማሰብ በየትምህርት ክፍሉ አንድ አንድ ተማሪ ብቻ ስለመደቡ አመሰግናለሁ። በእኛ ክፍል ያቺ አንዷ እኔ ነኝ። አስተማሪው የቡድን ሥራ አዝዞ ቡድን ሳያገኝ የቀረ ሰው መኖሩን ሲጠይቅ፣ የቀረሁት ሁልጊዜ እኔ ነኝ። ልጆቹ ክፉዎች አይደሉም፣ ሰላም ይሉኛል፤ ነገር ግን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አብረው ስለተማሩ ወሬያቸው መሃል የምገባበት ቀዳዳ አጥቼ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ያልጠፋ ማስመሪያ ስፈልግ እቆያለሁ። በሦስት ዓመት ውስጥ ምሳ እንብላ ብሎ የጠራኝ ሰው የለም። ይህ ይከብደኛል፣ ክቡር ሆይ።

2. ብቸኝነት እንዳይሰማን ስላቋቋሙልን የመረዳጃ ቡድንም ምስጋናዬ የላቀ ነው። በእኛ ግቢ ያለው የእኛ ትምህርት ክፍል ብቻ ስለሆነ የቡድኑ አባል እኔ ብቻ ብሆንም መገኘት ግዴታ ስለሆነ፣ ዘወትር ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ስምንት ወንበር ክብ ሠርቶ በተደረደረበት ክፍል ሁለት ሰዓት ሙሉ ቁጭ እላለሁ፤ ቃለ ጉባኤውንም በሰብሳቢነት፣ በጸሐፊነትና በአባልነት ሦስት ጊዜ እፈርማለሁ። አንድ ረቡዕ ጉንፋን ጥሎኝ ብቀር፣ ምልዓተ ጉባኤው ባለመሟላቱ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። በዓመታዊው ሪፖርት ግን አለመግባባት ያልታየበት ቡድን ተብለን ተመስግነናል።

3. እስከዚህ ያለውን ችዬው ነበር። ዘንድሮ ግን ታናሽ እህቴ በዚሁ ዕድል አመለከተች። ውጤቷ ከእኔ ይበልጣል፤ እንዲያውም ሒሳብ ያስጠናችኝ እሷ ናት። ጽሕፈት ቤትዎ «በቤቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በመኖሩ ቤተሰቡ ከችግረኝነት ስለተላቀቀ» በማለት ማመልከቻዋን መለሰላት። ለካስ ገና ሳልመረቅ ቤታችን አልፎለታል። እናታችን ዛሬም እንፋሎት በሞላው ክፍል ውስጥ አንሶላ ታጥባለች፣ እኔ ለዕረፍት ስመለስ ሦስታችንም የምንጠጋባት ቤት ያችው የድሮዋ አንዲት ክፍል ናት። ደብዳቤው ሲነበብላት አልፎልናል ማለት ነው ብላ ስቃ፣ እጇን አድርቃ፣ አጣጥፋ ከትራሷ ሥር አስቀመጠችው። እህቴ ግን አልሳቀችም። መንገዱን የዘጋሁባት እኔ የሆንኩ ይመስል፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኬን አታነሳም። እዚህ ሆኜ የማወራት እሷን ብቻ ነበር።

4. ምዝገባው አርብ ይዘጋል።

እስከ ዛሬ ስላደረጉልኝም ስላላደረጉልኝም ሁሉ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ለከፍተኛ ሥራዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለብዕርዎ ደግሞ ጥቂት ዕረፍትን የምመኝልዎ፣

ያለፈለት ቤት የበኩር ልጅ

ፊርማዬን ካኖርኩ በኋላ የታወሰኝ፦ የመልቀቂያ ቅጽ ሞልቼ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ከዛሬ ጀምሮ በቤታችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለሌለ፣ በደንባችሁ መሠረት ወደ ችግረኝነታችን ተመልሰናል፤ እህቴን ለመመዝገብ የሚያግድዎ ነገር አይኖርም። የለቀቅኩበትን ምክንያት እንዳትነግሯት፤ ካወቀች አትገባም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ፤ ስትገባ ብቻዋን አይመድቧት።